በዚህ ስልክ ሰላምታ የለም

እስከ ዛሬ በቅጡ መመለስ ያቃተኝ አንድ ጥያቄ አለ። ከባድ ጥያቄ አይደለም። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጎረቤቴ ትጠይቀኛለች፤ ዳቦ የሚሸጥልኝ ሰው ይጠይቀኛል፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ መንገድ ላይ ያገኘኝ የድሮ ባልደረባ ሁሉ እጄን ይዞ ይጠይቀኛል። «እንዴት ነሽ?» ነው ጥያቄው። አፌ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጆሮዬ ግን ያንን ሲሰማ ቅር ይለዋል። የሥራ ዘመኔን እኩሌታ ያሳለፍሁት ይህች አጭር መልስ ከኋላዋ ምን ምን እንደምትደብቅ በማየት ነው።

ሥራ የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። የተወለድሁት ደልጊ ነው፤ ፊደል የቆጠርሁት ግን እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ፣ ባሕር ዳር መጥቼ፣ በማታ ትምህርት ነው። ቀን ቀን የሆስፒታል ወለል እወለውል ነበር። ልመዘገብ የሄድሁ ዕለት መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝና «እናቴ፣ የልጅዎ ስም ማን ነው?» አለኝ። የራሴን ስም ነገርሁት። እንደገና ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጻፈው። ማንበብ ከቻልሁ በኋላ ማቆም አልቻልሁም፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር እስከ መጨረሻው አነብ ነበር። ነርስ ሆኜ ስመረቅ አብረውኝ የጨረሱት ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ጎርጎራ ጤና ጣቢያ ሆነ። ኃላፊያችን ቁጣ የማያውቅ፣ ቁልፍ ግን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር፤ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ዓሣ ሊገዛ ይወጣና፣ ሕመምተኛ ሲመጣ እኛ እሱን ፍለጋ ወደቡ ድረስ እንወርዳለን። እዚያ ሳለሁ ወንድሞቿ አንዲት ሴት በገመድ አስረው አመጡ። ቁጣ ሲመጣባት ቤቱን ትገለብጣለች፤ ሲያልፍላት ደግሞ ባደረገችው አፍራ ራሷን ትጎዳለች። መርፌ ወጋኋት፤ ተኛች። ስትነቃ እጄን ይዛ «እንደገና ሲመጣብኝስ ምን ላድርግ?» አለችኝ። የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ወንድሞቿ ይዘዋት ሄዱ። ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ያለችኝን ግን አልረሳሁትም።

ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ስዛወር የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመደብሁ። በዚያ ጊዜ እዚያ የሚመደበው ወይ የተቀጣ ነው፣ ወይ የሚከራከርለት ሰው የሌለው። የነርሶች አለቃ የሆነችው ማትሮኗ «አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ እነሱ ይጮሃሉ፤ ትግባባላችሁ» ብላ ሳቀች። ደመወዙን አላነሣም፤ ከዚያ ክፍል ይልቅ የትም ቢሆን የተሻለ ይገኝ ነበር። እኔ ግን ያቺን የጎርጎራ ሴት እያሰብሁ ገባሁ፤ አልወጣሁም።

መልሱን ይዘው የመጡት ዶክተር ኤርሚያስ ናቸው። ወላይታ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። በመጡ ሰሞን የተሰበሩ አልጋዎች የሚከማቹበትን ክፍል አስጠረጉና ወንበሮች በክብ ደረደሩ። ሁሉም ወንበር ቁመቱ እኩል መሆን ነበረበት፤ የራሳቸው ከፍ ያለ እንደሆነ ሄደው ይቀይሩታል። ጠረጴዛ አልፈለጉም። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ «ከዚያ በፊትስ?» ነው የሚሉት። ሕመምተኛዋ ሳህን ወረወርሁ ካለች፣ ከዚያ በፊትስ? ባሌ ሳቀ። ከዚያ በፊትስ? ወጥ አሮብኝ ነበር። ከዚያ በፊትስ? ቁርስ አልበላሁም፤ ሌሊቱንም አልተኛሁም። እንዲህ እየተባለ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ወደ ኋላ ይተረተራል። ያቺ ሴት «እብድ ነኝ» ብላ ገብታ «ለካ መነሻው ረኃብና እንቅልፍ ማጣት ነው» ብላ ስትወጣ አይቻለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተሰማትን የነገረቻቸውን ሴት ቃል ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ መልሰው ይነግሯታል፤ «በትክክል ሰምቼሻለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎ እስክትል ድረስ ምክር የለም። «አይዞሽ» እንኳ አይሉም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው» አሉኝ፤ «ቶሎ ሲመጣ ግን ‘በቃ ዝም በይ’ ይመስላል።»

ሕክምናው ዲያሌክቲካል የባህሪ ሕክምና ይባላል፤ እኛ በአጭሩ ዲቢቲ እንለው ነበር። ስሙ ያስፈራል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ስሜት የሚበረታባቸው ሰዎች አሉ፤ ለሌላው ካፊያ የሆነው ለእነሱ በረዶ ነው። በዚያ ላይ ሰው «ይህ ምኑ ያስለቅሳል?» ይላቸዋል። ዶክተር ኤርሚያስ ሁለት የሚጣሉ የሚመስሉ እውነቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡላቸዋል፦ የተሰማሽ ነገር እውነት ነው፤ የምታደርጊው ደግሞ መለወጥ ይችላል። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ከዚህ ተነሥተን አራት ነገር እናስተምራለን፤ አሁን ያለውን ማስተዋል፣ ክፉውን ሰዓት ነገር ሳያባብሱ መሻገር፣ ስሜትን መግራት፣ ከሰው ጋር ራስን ሳይጥሉ መነጋገር። በእጅ እንደሚሠራ ሙያ ነው፤ ዛሬ ይበላሻል፣ ነገ እንደገና ይሞከራል። የማስተማሪያውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል አልዋጥ ሲለኝ ሳምንት ሙሉ ይዤው እዞር ነበር። ዶክተር ታግሠውኛል።

ማስተዋሉን ያስተማርነው በመስኮቱ ነው። መስኮቱ ጣናን ያሳያል። «አንድ ነገር እዩ፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ፍርድ አትስጡ» ይላሉ ዶክተር። ከመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞቻችን አንዱ አያ ሙላት የሚባሉ የአገሬ የደልጊ ሰው፣ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ ንዴታቸው ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ያጣላቸው።

«ምን አዩ፣ አያ ሙላት?»

«እንጨት የጫነ ታንኳ።»

«ጎሽ። ሌላስ?»

«የጫነው ሰው ጅል ነው።»

«እሱ ፍርድ ነው። ያዩትን ብቻ።»

«ያየሁትን እኮ ነው የምነግርዎ! ጭነቱ ወደ ግራ አዘንብሏል። ያየሁት ጅል ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተርም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ስሜቱ ምን ያህል እንደበረታ መለካት ደግሞ ነበረብን። ከዜሮ እስከ አሥር ብንል አልሄደልንም፤ ሁሉም አሥር ይላል። አንድ ቀን ዶክተር «እናንተ ቤት መጠን የምትለኩት በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ውዴ፣ ማክሰኝት ተወልደው ባሕር ዳር ገበያ በርበሬ የሚሸጡት፣ «በጣሳ» አሉ። አያ ሙላት «በውሃ» አሉ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ አንገት። ከዚያ ሁላችንም ተጨማመርንበት፦ ውሃው እስከ ወገብ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብም ሰንሰለት መተርተርም ይቻላል። ደረት ሲያልፍ ግን ለማንም ዋና አያስተምሩም፤ መጀመሪያ ማውጣት ነው። ለማውጣት የምንጠቀምበት አንዱ ዘዴ ትንፋሽ ይዞ ፊትን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ የልብ ምት ዝቅ ይላል፣ ሰውነት ይረጋል። የልብ ሕመም ያለበትን አናስሞክርም፤ የእያንዳንዱን የልብ ትርታ አስቀድሜ የምለካው እኔ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ በክፍላችን «እንዴት ዋላችሁ» ከተባለ በኋላ «ውሃው የት ደርሷል?» ይጠየቅ ጀመር።

መጻፍ ለማይችሉት ደግሞ ባዶ የክብሪት ቀፎ ሰጠናቸው። ውሃው ደረት ያለፈበት ቀን አንድ ሽንብራ ይጨምሩና ሲመጡ እናያለን። እትዬ ውዴ አንድ ጊዜ ባዶ ቀፎ ይዘው መጡ። «ሰላም ከረሙ ማለት ነው?» አሉ ዶክተር ደስ ብሏቸው። «ኧረ የት ሰላም! ልጄ ቆልታ በላችው» አሉ እትዬ ውዴ፤ «ሳምንቴን በሙሉ ቃመችው።»

ሰሚራ የመጣችው ይሄኔ ነው። የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ተድራ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ መተማ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው ማለት ይቻላል። ቁጣዋ ሲመጣ ጎርፍ ነው፤ ከዚያ ሐፍረቱ ይከተላል፣ ከሐፍረቱ በኋላ ራሷን ትጎዳለች። ወረታ የሚኖሩት አማቷ፣ ሐጃ እንላቸዋለን፣ «ልጅቷን እኔ ላሳድጋት» ማለት ጀምረዋል። ልጅቷ ኢክራም ናት፤ ያኔ ገና ፊደል መቁጠሯ ነው።

«ዶክተር» አለች ሰሚራ በመጀመሪያው ቀን፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፤ «ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። ልጄ ከእኔ እንዳትወሰድ ነው የምፈልገው።»

«ልጄ ከእኔ እንዳትወሰድ» ብለው ደገሙት ዶክተር። «በትክክል ሰምቼሻለሁ?»

«አዎ» አለች፤ አለቀሰችም።

ከሕክምናው አንዱ ክፍል ስልክ ነው። ሕመምተኛው ራሱን ከጎዳ በኋላ ሳይሆን ከመጉዳቱ በፊት ይደውላል፤ በዚያች ሰዓት የትኛውን ዘዴ እንደሚጠቀም እንነግረዋለን። ስልኩ እኔ ዘንድ ነበር። ሰሚራ የደወለችው ከሰዓት በኋላ፣ መድኃኒት እያደልሁ ሳለ ነው።

«ሄሎ፣ ሲስተር?»

«ሰሚራ! እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኢክራምስ?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ባለቤትሽ ገባ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«እናትሽስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው?»

«ተሽሏቸዋል። ሥራ ላይ ነዎት መሰል?»

«ምንም አይደል፣ መድኃኒት እያደልሁ ነው።»

«በሉ እንግዲያው አልያዝዎት። ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።»

«ተባረኪ።»

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ለሰላምታ መደወሏ የመሻሏ ምልክት መስሎኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎረቤቶቿ ተሸክመው አመጧት። ራሷን ጎድታ ነበር፤ ኢክራምም አይታለች። ነፍሷ ተረፈች። በዚያው ሳምንት ግን ሐጃ ከወረታ መጥተው ልጅቷን ወሰዷት።

ሰሚራ አልጋ ላይ ሆና ወደ ግድግዳው ዞራለች። እኔ የነርሶች ክፍል ገብቼ የእጅ መታጠቢያውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁና ፊቴን ነከርሁ። ስወጣ ዶክተር ኤርሚያስ በሩ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡኝም። ሁለት ወንበር ስበው ጎኔ ተቀመጡ።

«ስልኩ ሲጮህ እጅሽ ላይ ምን ነበር?»

«የመድኃኒት ሳህን።»

«ከዚያስ?»

አንድ በአንድ ነገርኋቸው፤ የእሷንም ቃል የእኔንም ቃል። የሰማሁትን ስለማልረሳ ምንም አልጎደለም።

«ልትነግርሽ ያሰበችውን ነገር ማስቀመጫ ቦታ ያጣችው የትኛው ቃል ላይ ነው?» አሉ።

ወደ ኋላ ሄድሁ። ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ ላይ አይደለም። ባለቤትሽ ገባ ላይም አይደለም። «‘እንዴት ነሽ’ ላይ» አልሁ። «‘እንዴት ነሽ’ ስላት መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ያንን መልስ ካለች በኋላ ተመልሳ ‘ደህና አይደለሁም’ ማለት ውሸታም መሆን ነው።»

«ሰላምታው መጥፎ ነው እንግዲህ?»

«አይደለም።»

«አይደለም» አሉ። «ሰላምታው ፍቅር ነው። ሰላምታው በሩን ዘጋው። ሁለቱም እውነት ነው።»

ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ በክፍሉ ያስተማርሁት ነገር ያኔ ነው የገባኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዶክተር አዲስ ሕግ አወጁ፦ በዚህ ስልክ ሰላምታ የለም። የመጀመሪያው ቃል ውሃው የደረሰበት ቦታ ይሆናል። ክፍሉ ተንጫጫ።

«ምነው ዶክተር!» አሉ እትዬ ውዴ። «እኔ በርበሬ ሊገዛ የመጣን ሰው እንኳ ቤተ ሰቡን ሳልጠይቅ ዋጋ አልነግርም። ሲስተርን የመሰለች ሴት፣ ስልክ አንሥቼ ‘ደረቴ!’ ብዬ ልጩኽባት? እናቴ በመቃብሯ ትገላበጣለች።»

«የሚሰጥም ሰው እንዴት ዋላችሁ ይላል እንዴ?» አሉ አያ ሙላት።

«እርስዎማ ሳይሰጥሙም አይሉ!»

ሲሳሳቁ ሳለ ከአልጋዋ ከተነሣች ጀምሮ ቃል ያልወጣት ሰሚራ ተናገረች። «ሰላምታው አይቅር» አለች። «ወደ ኋላ ይሁን። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ የሚደረገው ነገር። ውሃው ሲወርድ ግን ሰላምታው ይመለስልን፤ የልጅም የእናትም የጉልበትም፣ አንድም ሳይቀር።»

እትዬ ውዴ አሰቡበት። «ወደ ኋላ ከሆነ ያስኬዳል» አሉ። በዚሁ ጸደቀ። በሥራ ዘመኔ ብዙ መመሪያ ደርሶኛል፤ እንደዚህ ያማረ አላየሁም።

ሰሚራ አንድ ዓመት ያህል ሠራች። «ሠራች» ያልሁት አውቄ ነው፤ ሰው ሲሻለው የተሰጠው ይመስለናል። ቁጣው ሲመጣ ሰውነቷ የት ላይ እንደሚጀምር ተማረች፤ መንጋጋዋ ላይ ነበር። ልትጮህ ሲያሰኛት ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ፣ ከሐፍረት የተነሣ ልትደበቅ ሲያሰኛት ቀና ብላ ሱቋን መክፈት፤ ይህንን ተቃራኒውን ማድረግ እንለዋለን። ብዙ ቀን አልሆነላትም። ሽንብራው ሞልቶ የመጣበት ሳምንት ነበር። ዶክተር ይቆጥሩትና «እነዚህን ቀኖች እንዴት አድርገሽ ተሻገርሻቸው?» ይሏታል። የወደቀችበትን ሳይሆን የተሻገረችበትን ነው የሚጠይቋት። ኢክራምን የምታየው ዓርብ ዓርብ፣ ሐጃ ቤት፣ ሐጃ ባሉበት ነበር።

በመጨረሻ ባሏ ሽማግሌ ሰበሰበ። ወረታ፣ ሐጃ ቤት፣ ልጅቷ ትመለስ አትመለስ ሊባል ነው። ሰሚራ አንድ ጊዜ ከጮኸች ነገሩ አለቀ። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ክፍላችን ውስጥ ልምምድ አደረግን፤ ሐጃን የሚጫወቱት እትዬ ውዴ ሆኑ። ነጠላቸውን እንደ ሐጃ ተከናንበው ተቀመጡና ጀመሩ።

«አንቺ ምን እናት ነሽ? ድመት እንኳ ግልገሏን አታስደነግጥም!»

ሰሚራ መንጋጋዋን ለቀቅ አደረገች። «ሐጃ፣ ኢክራምን እንደሚወዷት አውቃለሁ። ያን ቀን ያየችው እኔንም ያሳዝነኛል። አንድ ዓመት ታክሜያለሁ። ወደ ቤቷ እንድትመለስ እጠይቅዎታለሁ።»

«ታከምሁ አለች! የዕብድ ሐኪም ቤት ሄዳ ወንበር ስታሞቅ ከርማ!»

«ኢክራምን እንደሚወዷት አውቃለሁ» አለች ሰሚራ እንደገና፤ «እንድትመለስ እጠይቅዎታለሁ።» ስድቡን ሳይከተሉ ወደ ጥያቄው መመለስ ነው ዘዴው። እትዬ ውዴ ግን በስድባቸው እየገፉ ሄደው ሄደው እራሳቸው እንባ አወጡ። «ተዉኝ እባካችሁ፣ ይቺን ልጅ መስደብ አልቻልሁም» ብለው ነጠላቸውን ጣሉት። «ባይሆን አያ ሙላት ይሁኑ፤ ለእሳቸው አይከብዳቸውም።»

ቀኑ ደረሰ። እኔም ዶክተርም አልሄድንም፤ የእሷ ጉዳይ ነው። ስልኩን ከእጄ አላወርደውም። እኩለ ቀን ላይ ጮኸ።

«ደረቴ» አለች ሰሚራ።

ምላሴ ላይ «እንዴት ነ—» መጥቶ ነበር። ዋጥሁት። «የት ነሽ?»

«ጓሮ። ሐጃ ‘ልጅቷን ጠይቋት፣ እናቷን ትፈራለች’ አሉ። ኢክራም ፊት።»

«ቀዝቃዛ ነገር አለ?»

«የእንግዳ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ተነክሯል።»

«ከበረዶው ውሃ ፊትሽን ንከሪ። ትንፋሽ ያዢ። እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

ቆጠርሁላት። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። እንደገና አስነከርኋት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ውጭ እንድትተነፍስ ነገርኋት።

«አሁን የት ነው?»

«ወገቤ» አለች።

«ወገብ ላይ ሰው ይራመዳል። ሂጂ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያን ከሰዓት በኋላ የሠራሁትን አላስታውስም። ማምሻውን ደወለች። ፊቷ እየተንጠባጠበ መመለሷን፣ የሻሿ ጠርዝ እርጥብ እንደነበር፣ አንድ ሽማግሌ «ዝናብ አለ እንዴ?» ማለታቸውን፣ ኢክራም መሳቋን ነገረችኝ። ልጅቷ ስትስቅ እሷም ሳቀች። የታሰበው ክርክር ሁሉ ቀርቶ፣ ሐጃ ሁለቱን ሲስቁ ዐይተው «በእረፍት ቀን እየወሰደች ታሳየን፤ ከዚያ እናያለን» አሉ። ያ «እናያለን» ክረምቱ ሳይወጣ ኢክራምን ከነቦርሳዋ ባሕር ዳር አመጣት።

ነገሩን ነግራኝ ስትጨርስ «ሲስተር» አለች፤ «አሁን ሰላምታው።» ሁሉንም ጠየቀችኝ። እኔም ሁሉንም ጠየቅኋት። የእናቷን ጉልበት ሳይቀር።

ዶክተር ኤርሚያስ ቀጥሎ ወደ አገራቸው ወደ ሶዶ ተዛወሩ፤ እዚያም እንደ እኛው ዓይነት ክፍል ከፈቱ። እኔም ጡረታዬ ደረሰ። ክፍሉን አሁን ወጣት ባለሙያዎች ይመሩታል፤ ሰሚራም በሳምንት አንድ ቀን ከሱቋ እየመጣች አዲስ ለሚገቡት «እኔም እዚህ ወንበር ላይ ነበርሁ» ትላቸዋለች። ሕጉ አልተለወጠም።

አምና ዶክተር ማረፋቸውን ሰማሁ። አንድ ባልደረባ መንገድ ላይ አግኝቶ እንደ ዋዛ ነገረኝ። ቀብራቸው ሶዶ ተፈጽሟል። እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም፤ ድንኳን አይጣልልኝም፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ አይመጣልኝም፣ ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አይለኝም። ለዘመድ ለቅሶ ወጉ ብዙ ነው፤ ሥራ ላስተማረ ሰው እንዴት እንደሚለቀስ ግን የሚያሳየኝ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ገለጥሁ። ገጹን እያየሁ አላነብም ነበር። በትንሽ በትልቁ መናደድ ጀመርሁ፤ ውሃ የምትቀዳልኝን ልጅ ያለ ጥፋቷ ተቆጣሁ። ዝምተኛ ስለምባል ማንም አላወቀም። ዝምታዬ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ግድብ ነው፤ ከኋላው ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። የሚጠይቀኝ ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ይላል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሌሎችን ከዚያ ቃል ጀርባ ሳወጣ ኖሬ፣ ራሴ ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሰሚራ ናት።

«ሰሚራዬ! እንዴት ነሽ? ኢክራም—»

«ሲስተር።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «የዶክተርን ነገር ዛሬ ሰማሁ። ውሃው የት ደርሷል?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚ—»

«‘ደህና’ የሚባል ቦታ ሰውነት ላይ የለም» አለች። «ቁርጭምጭሚት አለ፣ ጉልበት አለ፣ ወገብ አለ። የት ነው?»

መስኮቴ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከእኔ ቤት ሐይቁ ቀጭን ሆኖ ነው የሚታየው፤ በሁለት ጣራ መካከል። ያየሁትን ብቻ ለመናገር ሞከርሁ። ሰማያዊ ነገር አየሁ። ከዚያ አላየሁትም፤ ዐይኔ ሞላ።

«አንገቴ» አልሁ።

«መጣሁ። እስክመጣ ፊትዎን ይንከሩ።»

«እኔ ነኝ እኮ ያስተማርሁሽ።»

«አውቃለሁ። ይንከሩ።»

ነከርሁ። ስትመጣ ኢክራምን ይዛ ነው፤ ልጅቷ አድጋ ከእናቷ ትከሻ ደርሳለች። ሰሚራ ሁለት ወንበር ሳበች፤ ቁመታቸው እኩል አልነበረም፤ አንዱን መለሰችና ሌላ አመጣች። «ከየት ልጀምር?» አልኋት። «ዜናውን የሰሙ ዕለት፣ እጅዎ ላይ ምን ነበር?» አለች። ዳቦ ነበር። ከዳቦው ጀመርሁ። ስለ እኩሎቹ ወንበሮች፣ ስለ ሽንብራው፣ በሩ ላይ ቆመው ስላልተቆጡኝ ቀን፣ ከዚያም በፊት ስለነበረው ስለ ጎርጎራዋ ሴት፣ ከዚያም በፊት ስለ ራሴ፣ ለማንም ያልነገርሁትን ሁሉ ነገርኋት። በየመሐሉ የነገርኋትን ትደግምልኛለች፤ «በትክክል ሰምቼዎታለሁ?» ትላለች። አንድ ጊዜም «አይዞዎት» አላለችኝም። ጮክ ብዬ አለቀስሁ፤ ኢክራምም ሳትደነግጥ ፎጣ አቀበለችኝ።

ሲበቃኝ ሰሚራ ፊቴን አየችው።

«አሁን ሰላምታው» አለች። «እንዴት ነዎት፣ ሲስተር?»

መልሱን አሁንም አላገኘሁትም።

«ወገቤ» አልኋት።